ሽማግሌ የላኩብኝ ኮምፒውተሮች

ትናንት ማታ ስለ ደምሰው እያሰብኩ ጋደም አልኩና ሕልም አየሁ። ደምሰው የማተሚያ ቤቴን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ሰው ነው፤ የልጄም የክርስትና አባት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው ጉዱ። የኮሌጁ የምረቃ መጽሔት ያለበት ትልቁ ኮምፒውተር አልታዘዝ ሲለን ደወልኩለት። «እትዬ ወለላ፣ አጥፍተሽ አብሪው» አለኝ። አጥፍቼ ሳበራው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ያንን የሚያውቀው ደምሰው ብቻ ነው። «ነገ መጥቼ እከፍተዋለሁ» አለ። የደምሰው ነገ መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ምረቃው ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሌላ ባለሙያ ላምጣ ወይስ ልታገስ እያልኩ ስገላበጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጁን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሾፌሩ ከኋላ ተቀምጦ «ወራጅ አለ!» እያለ ይጮኻል፤ ሳቆምለት ግን አይወርድም። መንገድ ዳር ያለ አምፖል ጎንበስ ብሎ አናገረኝ።

«እመቤቴ፣ ልሂድ ወይ?»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«እኔም አላውቀው። ዘንድሮ ግን ሳላስፈቅድ አልሄድም ብያለሁ።»

ቆይ ስለው ቆየ። በጣም ደስ አለኝ። በዕድሜዬ መብራት ቆይ ብዬው ቆይቶልኝ አያውቅም።

ማተሚያ ቤቱ ስደርስ የአገሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሁሉ ቦርሳውን አንግቶ ፀሐይ ላይ ተሰልፏል። «እባክሽ እትዬ፣ ትንሽ ነገር እንኳ ይበላሽልኝ» እያሉ ቀሚሴን ይይዛሉ። ዘበኛችን ጋሽ ፈይሳ በሩ ላይ ቆሞ ዱላውን እያወዛወዘ ይመልሳቸዋል።

«ሲስተም አለ ተብላችኋል! ነገ ተመለሱ!»

ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ሠራተኞቼ ግን ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ አቧራ እንዳይነካቸው ለኮምፒውተሮቹ ያሠራሁትን ዳንቴል ለብሰዋል። የጸሐፊዬን የምንታምርን ዳንቴል ገለጥ አደረግሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ዘገየሽ ተባልኩ፣ እትዬ። አጥፍተው ሊያበሩኝ ነው» አለችኝና ዳንቴሏን መልሳ ሳበች።

ወዲያው ቢሮዬ የእናቴ ሳሎን ሆነ። በሩ ተንኳኳና ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት አሮጌው ፕሪንተር ጋቢ ደርቧል፤ ከኋላው ሁለት ኪቦርዶች አሉ፤ አንደኛው ጥርሱ የረገፈ ነው።

«ቤት ለእንግዳ፤ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ ፕሪንተሩ። ድምፁ ወረቀት ሲነክስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። «ትልቁ ልጃችን ከደምሰው ጋር መኖር መሮታል። ለሌላ ስጭልን።»

«ደምሰው እኮ የልጄ የክርስትና አባት ነው! ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም።»

«ተኝቼ እኮ ነው!»

«እንግዲያው ምን ቀረሽ?»

ነገሩ ቢያናድደኝም ጠየቅኋቸው። «እሺ፣ ጠጋኝ የሚለወጠው መቼ ነው? ሲዘገይ ነው እንዳልል ማን የማይዘገይ አለ? ስልክ ሳያነሳ ሲቀር ነው እንዳልል እኔም አንዳንዴ አላነሳም።»

ጥርሱ የረገፈው ኪቦርድ ወደ ፊት ወጣ። «የወደቀችውን ቁልፌን ታውቂያታለሽ?»

«እንዴት አላውቃት። ምንታምር በእስክሪብቶ ጫፍ እየወጋች ነው የምትጽፈው።»

«ለደምሰው ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«እንዳላስቸግረው ብዬ።»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። «ልጄ፣ በሽተኛዋ ሐኪሙን እንዳላስቸግር ብላ ሕመሟን መደበቅ ከጀመረች፣ ሌላ ሐኪም የምትፈልገው ያን ጊዜ ነው» አለ ፕሪንተሩ። አፈርኩ፤ ምክንያቱም ስንቱን ብልሽት በዳንቴል ሸፍኜ እንደተቀመጥኩ ያኔ ታየኝ።

እሺ ልል አፌን ስከፍት ሳሎኑ የምረቃ አዳራሽ ሆነ። ተመራቂዎቹ ጥቁር ጋውን ለብሰው ቆመዋል፤ ፎቷቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለቀረ ግን ፊት የላቸውም። እናቶቻቸው እቅፍ አበባ ይዘው ለማን እንደሚሰጡት ጠፍቷቸዋል። ለመጽሔቱ የጻፉት የመጨረሻ ቃልም ባለቤቱን ፍለጋ በመካከላቸው ይዞራል። «እናቴ ሆይ፣ ልፋትሽ ፍሬ አፈራ» የሚለው መጥቶ እጄን ያዘኝ።

«የጻፈችኝን ልጅ አይተሻታል? ረጅም ናት መሰለኝ።»

«ፊቷን ሳላይ እንዴት ብዬ ልወቃት?»

«እናቷም እንደዚያው ነው ያለችኝ።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቀና ስል ደምሰው መድረኩ ላይ በሽቦ ተተብትቦ ተኝቷል። «እትዬ፣ እኔንም አጥፍተሽ አብሪኝ» አለኝ። ማጥፊያው ከጆሮው ኋላ ነበር፤ ተጫንኩት። ሲጠፋ ፊቱ ላይ ያየሁት እረፍት ልቤን ነካኝ፤ ላበራው ጣቴን ዘርግቼ አሳዘነኝና ተውኩት። ከዚያ ድፍረት መጣልኝ።

«ደምሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንተ...»

በር ተንኳኳ። ነቃሁ።

ነግቷል፤ የሚንኳኳው የራሴ በር ነው። ስከፍት የንስሐ አባቴ አባ ዘሚካኤል፣ የእድራችን ዳኛና የደምሰው አጎት ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል።

«ቤት ለእንግዳ፤ ቁጭ በሉ» አልኩ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አባ ዘሚካኤል።

ነገሩ ገባኝ። ደምሰው ላሰናብተው እንዳሰብኩ ጠርጥሮ አማላጅ ልኮብኛል። በዚህስ አልረታም አልኩ። «አባቴ፣ ምንም ቢሉኝ ደምሰውን...»

«አሰናብችው፣ ልጄ» አሉኝ። «መልቀቅ ከፈለገ ቆይቷል። የክርስትና ልጁ እናት ነሽና ፊት ለፊት ሊነግርሽ ይሉኝታ ይዞት ነው። አንዳንዴ ስልክሽን የማያነሳውም ለዚሁ ነው።»

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣብኝ። «አሰናብቼዋለሁ! በሉ ተቀመጡ። የይለፍ ቃሉን ብቻ ይላክልኝ፤ ዛሬውኑ ሌላ ሰው አመጣለሁ።»

አንዳቸውም አልተቀመጡም። አባ ዘሚካኤል የእድሩን ዳኛ አዩ፤ የእድሩ ዳኛ አጎትየውን፤ አጎትየው መሬት መሬቱን።

«ዋናው የመጣንበት የይለፍ ቃሉ ነው» አሉ አባ ዘሚካኤል። «ረስቶታል።»