ፈቀቅ ባዩ ገላው

የአንድ ሰው ዕድሜ መጨረሻ ላይ ቢጠቀለል ምን ያህላል? ወጣት ሳለሁ ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ እወረውርና መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ፈገግ እል ነበር። ዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ፣ አሶሳ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የማውቀው የአንድ ሰው መልስ ብቻ ነው። የእኚያ ሰው ዕድሜ ቢጠቀለል ሦስት ቃል ይሆናል፦ «ትንሽ ፈቀቅ ብንል።»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። አውቶቡስ ላይ ሦስት ወንበር ይቀያይራል። ለቅሶ ድንኳን ገብቶ ገና «እግዜር ያጥናችሁ» ሳይል ምሰሶውን ይመረምራል። ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ከኋላ ከኋላው እየተከተለው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። እዚህ ንፋስ አለ፤ እዚያ ጭስ ይመጣል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ ሲያኝክ ይሰማል። የተሰጠውን ቦታ ሳያጉረመርም የሚቀበልበት አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ያን ቀን ደግሞ ሰው ተሸክሞት ነው የሚሄደው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ የወንበርና የምሰሶ የበላይ መርማሪ፣ ክቡር አያ ገላው ነበሩ።

ያስታወሰችኝ የእህቴ ልጅ ጸሐይ ናት። ከባሏ ጋር ለዕረፍት ታንዛኒያ ልትሄድ ነው። በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ እዚያው ማረፊያው ላይ መኪና ይከራያሉ፤ ከዚያ ጫካ ጥግ ድንኳን ተክለው ይሰነብታሉ። ባለፈው እሑድ ስልኳን ይዛ መጣች።

«አጎቴ፣ አንተ የመልክዓ ምድር ሰው አይደለህ? ከእነዚህ ውስጥ ጸጥ ያለውን ምረጥልን።»

ስልኩ ላይ ለእያንዳንዱ የድንኳን ሰፈር ነጥብ ተሰጥቶታል። ለውኃው ነጥብ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ ነጥብ፣ ለጸጥታው አራት ነጥብ ስድስት።

«እኔ ቦታ መምረጥ ትቻለሁ» አልኳት።

«ኧረ አታካብድ አጎቴ! ድንኳን እኮ ነው።»

አላካበድኩም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ጸጥ ያለ የሰፈር ቦታ መርጫለሁ። እዚያም ሰዎቹ የገቡት በአውሮፕላን መጥተው፣ ቀሪውን በመኪና ነበር። ስለ ጸጥታው ግን ስንት ትሰጣላችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

በ1977 ዓ.ም. ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳለሁ በሠፈራው ዘመቻ ወደዚህ አገር ተላክሁ። ሥራዬ ለመንደር የሚሆን ቦታ ማጥናት ነበር። ማጥናት የሚለውን ቃል በትልቁ አትዩት። ከመኪና ወረድኩ፣ ዙሪያውን ቃኘሁ፣ ሰው የለም፣ ከብት የለም፤ «ሰው ያልሰፈረበት፣ ጸጥ ያለ፣ ለእርሻ ምቹ» ብዬ ጻፍኩና ተመለስኩ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። አያ ገላው አንዲት መቀመጫ ለመምረጥ ከዚያ በላይ ይፈጅባቸው ነበር።

በኅዳር ከወሎ ከመጡት ጋር ከአንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ሲወርዱ አየኋቸው። መቀመጫ በሌለው ሆድ ውስጥ ተጠጋግተው፣ ተደጋግፈው የመጡ ሰዎች ናቸው። የሚያስመልሰው ያስመልሳል፤ የሚያለቅሰው ያለቅሳል። እኚህ ሰውዬ ጋቢያቸውን አራገፉ፣ ሜዳውን ግራ ቀኝ ተመለከቱ፣ እንደ ሠርግ ቤት አጋፋሪ እጃቸውን ዘረጉ።

«ከክንፉ ሥር አትቀመጡ እናንተ! ትንሽ ፈቀቅ ብንል።»

ፈቀቅ አሉ። ሕዝቡም ግር ብሎ ተከተላቸው። መዝጋቢዎቹ ሠልፉን መልሰው ለማቆም አንድ ሰዓት ፈጀባቸው።

ምክንያታቸውን አልደበቁም። ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገሩት ነበር። ወሎ ከነበረው የረሃብተኛ መጠለያ ሲነሡ ሚስታቸው ዋጋዬ ውኃ ልትቀዳ ሄዳ፣ ስትመለስ ሠልፉ ተቆርጦ ጠበቃት። እሳቸው በፊተኛው ተጫኑ፤ እሷ ለኋለኛው ቀረች።

«ከኋላ ናት፤ ትመጣለች» ይላሉ። «ስትወርድ የምታየኝ ቦታ ላይ ልሁን ነው የምል።»

ቀጣዩ አውሮፕላን መጣ። ዋጋዬ የለችበትም። ሌላው ሳያርፍ ካሚዮን ላይ ጫንናቸው።

ሾፌሩ ሁንዴሳ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ምላሱ ከመኪናው ይፈጥናል። አያ ገላው ከኋላው ጠርዝ ካልሆነ አልቀመጥም አሉ፤ አቧራው ሁሉ የሚገባበት ቦታ ላይ። ሦስት ጊዜ ብረቱን ደብድበው አስቆሙት። በሦስተኛው ሁንዴሳ ወረደ።

«ያ ጃርሳ!» አለ፤ አንተ ሽማግሌ ማለቱ ነው። «ይኼ ካሚዮን ነው እንጂ ሆቴል አይደለም። ክፍል ልቀይርልህ ወይስ አንሶላ ላምጣ?»

«ክፍሉስ ይቅር ልጄ። ትንሽ ቀስ በል እንጂ፤ የኋላው እንዲደርስብን።»

«የኋላው እኛ ጋ አይቆምም አባባ። እኛን አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ ወዳለው መንደር ነው የሚሄደው።»

አያ ገላው ተቀመጡ። ከዚያ እስከ መንደሩ ድረስ ቦታ አልቀየሩም።

መንደሩ በገመድ የተለካ ነበር። አለቃችን ጓድ ሞላ መስመር ይወዳሉ። አንድ ትልቅ እንግዳ ከሰማይ ሆኖ ቁልቁል ቢያይ ቤቶቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ይታዩት ዘንድ ነው ምኞታቸው። ገመዱን የምዘረጋው፣ የቀርከሃ ችካል የምተክለው እኔ ነኝ። ለአያ ገላው መስመር አራት፣ ቤት አሥራ ሰባት ደረሳቸው። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተሰቅሏል። ለሥራ ሲጠራ በብረት ይመታል፤ ለስብሰባ ሲጠራም ይመታል፤ ሲመታ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

በማግስቱ መጡብኝ።

«መምህር፣ ያ ብረት አደነቆረኝ። መኪና ሲያልፍ አልሰማም። ሰምቼ የሮጥኩ እንደሆነ ደግሞ አቧራው ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።»

«የት ቢሆን ይሻልዎታል?»

ከመንገዱ ዳር ያለችውን ጉብታ አሳዩኝ። ከመስመሩ ሁለት መቶ እርምጃ ትርቃለች። ወደ ሌሎቹ መንደሮች ሰው የጫነ ካሚዮን ሁሉ በሥሯ ያልፋል።

«አያ ገላው፣ መስመር ነው እኮ።»

«መስመሩማ ይኑር። ማን መስመር አፍርስ አለህ? እኔን ብቻ ፈቀቅ አድርገኝ።»

አላደረግኋቸውም። እሳቸው ግን ራሳቸውን አደረጉ። ሰዉ ምሳ ሲበላ ችካላቸውን ይነቅሉና ሦስት እርምጃ ወደ መንገዱ ይተክሉታል። በማግስቱ ሌላ ሦስት። ጎረቤቶቻቸው «የችካል እረኛ» አሏቸው። «አያ ገላው፣ ዛሬ ወዴት አሰማራሃት?» ይሏቸዋል። «ጥላ ፍለጋ ሄደች» ብለው ይመልሳሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መስመር አራት መሐሉ ላይ ሆድ አወጣ።

ጓድ ሞላ ሊጎበኙ መጥተው ቆመው አዩት።

«መምህር! ይኼ መስመር አርግዟል እንዴ?»

ገመዱን መልሼ አጠበቅሁ። ችካሉንም መለስኩት። ደግመው አሰማሩት።

ዐዋጢፍን ያወቅናት በዚያ ሰሞን ነው። ከአገሬው ነባር ሕዝብ፣ የበርታ ሴት ናት፤ ባምያና ማንጎ ተሸክማ ለሠፋሪው ልትሸጥ ትመጣለች። አንድ ቀን አያ ገላውን ጉብታዋ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እኔም ችካል ፍለጋ እዚያው ደርሻለሁ።

«እመቤት፣ ይኼ ቦታ ጸጥ ያለ ነው?» አሏት፤ ቤት እንደሚከራይ ሰው።

«ጸጥ አለ፤ መሬት ተኝቷል ነው» አለች። «የእኛ ነው። አባቴ እዚህ ዘርቷል፤ ቤት እዚህ ነበር። መሬት ደከመ፤ እኛ ሄደ፣ እሱ ተኛ። ሲነሣ እኛ ይመጣል።»

ገመዱ እጄ ላይ ከበደኝ። እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን እያሳረፉ በየተራ የሚያርሱ መሆናቸውን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ከመኪናው ስወርድ ግን ያየሁት ዝም ያለ ሣር ነው።

አያ ገላው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ይቅር በይኝ፤ ባለቤት ያለው አልመሰለኝም። ማንም አልነገረኝ።»

በዚያ ዘመቻ ስንት ሺህ ሰው፣ ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት ምሁር እዚያ መሬት ላይ ቆሟል። ተነሥቶ ይቅርታ የጠየቀ እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ዐዋጢፍ ሳቀች። «አንቺ አንድ ሰው ነው፤ ተቀመጥ። ወላሂ፣ አንድ ሰው ከባድ አይደለም። ይኼ ነው ከባድ» ብላ ወደ ገመዴ ጠቆመች።

አያ ገላው ፈቃዱን ይዘው በቀጥታ ወደ ጓድ ሞላ ሄዱ።

«ጉብታዋን ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች።»

«የምን ባለቤት? መሬት የሕዝብ ነው!»

«እኔም ሕዝቡን ነው የጠየቅሁት፤ ጓድ። አንዷን አግኝቻት።»

ሳቅን። ጓድ ሞላም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ አምስት ቀን ጉድጓድ ቆፍር ተብለው ተፈረደባቸው።

በሰኔ ዝናቡ ወረደ። የመረጥኩት መሬት ደረቅ ሳለ የሚያኮራ፣ ሲረጥብ የሚውጥ ጥቁር አፈር ሆኖ ተገኘ። ቀጥ ያለ መስመር ለውኃም ይመቸዋል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቦይ ወረደበት። ሰው አልጋው ላይ ቆሞ ዋለ። መጀመሪያ ሕፃናቱ አሳላቸው፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። ደረቅ ሆና የቀረች አንዲት ጉብታ ነበረች።

እንግዲህ ጠርቶ «አያ ገላው፣ ልክ ነበሩ» የሚላቸው ሰው ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ። ጽሕፈት ቤቱና የእህሉ መጋዘን ወደ ጉብታዋ ዞሩ። ጓድ ሞላ አልጋቸውን ራሳቸው አስገብተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ «ጸጥ ያለ ቦታ ነው» አሉ። ጸጥታውም አንድ ሳምንት ቆየ። በሁለተኛው ሳምንት ጄኔሬተር መጣ፤ ከእሱም ጋር አራት አፍ ያለው ድምፅ ማጉያ። በረጅም ግንድ ላይ ተሰቀለ። ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ያሉት ሁለት መንደሮች ድረስ ይሰማ ነበር። አንባቢ ሲፈለግ ድምፁ የተማረ ነው ተብዬ ተመረጥኩ።

ወደ ማዶ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አያ ገላው ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነበር። ሦስት ጊዜም የተሰጣቸው መልስ፣ ዋጋዬ የምትባል በዚህ መንደር መዝገብ ላይ የለችም የሚል ነው። «የለችማ! ብትኖር ምን ወረቀት ያስለምነኛል?» ብለው ይመለሳሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኚህን ሰው ለአርባ ዓመት ቀልድ አድርጌ አውርቻቸዋለሁ። መምህራን ክበብ ውስጥ ስለ መስመሩ እርግዝና ስናገር ያልሳቀ የለም። ስለ ሥፍራና ስለ ሰው ልጅ ሁለት ጽሑፍ አሳትሜያለሁ፤ ሁለቱም ላይ የእሳቸው ስም የለም። በዚያ መንደር ከነበርነው ሁሉ የት መሆን እንደሚፈልግ፣ ለምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኛ ሌሎቻችን የቆምነው ያቆሙን ቦታ ላይ ነው። ወድጃቸው ነበር ማለት አሁን ምን ይረባል? ወድጃቸው ነበር። ችካሉን ስመልስ እንኳ አንዳንድ ቀን አንድ እርምጃ እተውላቸው ነበር፤ ደግነቴ ያችን ታህል ነበር።

መስከረም ላይ ቤት አሥራ ሰባት ባዶ ተገኘ። አንዳንዱ ወንዙን ሲሻገሩ ውኃው ወሰዳቸው አለ። አንዳንዱ በእግራቸው ወደ ወሎ ጀምረዋል አለ። ሁንዴሳ ደግሞ ማዶ የሚመስላቸውን ሰው አይቻለሁ ብሎ ማለልኝ፤ ሁንዴሳ ግን ሲያዝንልኝ ይዋሻል። እኔ የማውቀው ከመሄዳቸው በፊት የሆነውን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ስለ ሣር አጨዳ የተጻፈውን ማስታወቂያ ለማንበብ ወደ ጉብታዋ ስወጣ ከግንዱ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«ቦታውን ትቼዋለሁ መምህር፤ ለእናንተ ይሁን። ለሌላ ነገር ነው የመጣሁ።»

የፈለጉትን ነገሩኝ። ገብቼ ጓድ ሞላን ጠየቅሁ። «ለአንዱ ብናደርግ ነገ ሰዉ ሁሉ ይሰለፍብናል» አሉኝ፤ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ሰው እንዳለው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ወጣሁ። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። እጄ ማብሪያው ላይ ነበር፤ መሣሪያው ገና ክፍት ነው፤ ጓድ ሞላ ውስጥ ናቸው፤ አያ ገላው አንጋጠው አፌን ያያሉ። ዘጋሁት።

የጠየቁኝ ይህን ነበር፦

«መጨረሻው ላይ ‹ዋጋዬ፣ ገላው እዚህ ነው› በልልኝ። አንዴ ብቻ። ስሟን ግን ረዘም አድርገህ ጥራት፤ ሥራ ላይ ስትሆን ቶሎ አትሰማም።»