የላዩ ሳይዘጋ የታቹ አይሰማም

(ቡራዩ፣ ሐምሌ 2008። በማስተር ፕላኑ ጣጣ በተነሣው ግርግር ተዘግቶ የሰነበተው የአምቦ መንገድ ዛሬ ጠዋት ተከፍቷል። የጤፍ ዘር የጫነ አይሱዙ በገበሬዎች ማኅበሩ ደጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ የአባላቱ ስም ዝርዝር ታትሞ ካልተሰጠው ዘሩን ሳያራግፍ ይሄዳል። የመዝገቡን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ወንዳፍራሽ ነው። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ እሱን የሚያህል አዋቂ እንደሌለ ያውቃል፤ ማንም ስላልነገረው ራሱ ለራሱ ነግሮታል። ኦቦ ደገፋ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ሦስት መቶ አርባ ስም በአንድ ጣት ለቅመው ለማስገባት አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባቸዋል።)

ወንዳፍራሽ፦ ኦቦ ደገፋ፣ አይነካኩት አልኩዎት እኮ። ሲጮህ ተዉኝ ማለቱ ነው።

ደገፋ፦ እኔ ምን አደረግኩት? "አትም" የሚለውን ነካሁ፣ "ቲን" አለኝ። ደግሜ ነካሁ፣ ደግሞ "ቲን"። ለሽማግሌ እንዲህ አይመለስም።

ወንዳፍራሽ፦ ስንት መስኮት ከፍተው ነው?

ደገፋ፦ አንድ። እሱ ሌላ ወለደ። የተወለደውም ሳይውል ሳያድር ወለደ።

ወንዳፍራሽ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ይስሙኝ። ከሥር "ዝርዝር" አለ። በላዩ "አዲስ አባል"፣ በሱ ላይ "ቀበሌ"፣ በሱ ላይ "ጎጥ"። የላዩ ሳይዘጋ የታቹ ጆሮ የለውም።

ደገፋ፦ እንደ ሰሞኑ መንገድ ነዋ። አሸዋ ሜዳ ድንጋይ፣ ከታ ድንጋይ፣ ገፈርሳ ድንጋይ። የቅርቡ ሳይነሣ ስለ ሩቁ ወሬ የለም።

ወንዳፍራሽ፦ ይሄ ድንጋይ አይደለም፣ ቴክኖሎጂ ነው።

ደገፋ፦ ማን ደረደረው?

ወንዳፍራሽ፦ እኔ።

ደገፋ፦ ድንጋይ የደረደሩት እንኳ ለአምቡላንስ ማለፊያ ይተዉ ነበር።

(አይሱዙው ጥሩምባውን ይነፋል። ወንዳፍራሽ በሩ ላይ ቆሞ ለሹፌሩ እጁን ያውለበልባል። ዞሮ ስክሪኑን ማየት አላስፈለገውም፤ የገዛ ሥራውን የማያውቅ አለ?)

ወንዳፍራሽ፦ የላዩን ኤክስ ይንኩ። ይጠይቅዎታል። "አዎ" ይበሉት።

ደገፋ፦ (መነጽራቸውን እየጠረጉ) ሜ፣ እስቲ ልየው። "የ... ተ... ጻ..."

ወንዳፍራሽ፦ ማንበብ አያስፈልግም። ላስቀምጥልዎት ወይ ነው የሚለው። አዎ ይበሉ።

ደገፋ፦ አይ ብዬዋለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ ምን? ለምን?

ደገፋ፦ አነጋገሩ ደስ አላለኝም። ይኸው ተዘጋ።

ወንዳፍራሽ፦ (ገባው፤ የገባው መሰለው) ኦቦ፣ ምሳ አይደለም የቀረበልዎት። ሰው ቤት "ብሉ" ሲሉዎት "በልቻለሁ" ይላሉ፣ ባለቤቷ "በሞቴ" ትላለች፣ ያኔ ይቆርሳሉ። ኮምፒውተር ግን መግደርደር አያውቅም። አንዴ እምቢ ካሉት ገበታውን አንሥቶ ይሄዳል።

ደገፋ፦ ይሂዳ። ቀጣዩንም ዘጋሁት። ያንኑ ይጠይቀኛል። "የተጻፈውን..."

ወንዳፍራሽ፦ እግዜር ሲወድዎ ነው፣ ሁለተኛ ዕድል። አዎ።

ደገፋ፦ አይ።

(ጥሩምባው ረዘም ብሎ ይነፋል። ወንዳፍራሽ ላብ በላብ ሆኗል።)

ወንዳፍራሽ፦ (ለሹፌሩ) ሁለት ደቂቃ፣ በማርያም። (ለደገፋ) ሦስት መቶ አርባ ቤተሰብ ምን ሊዘራ ነው? ይሉኝታ ይበቅላል?

ደገፋ፦ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የኔም ማሳ ታርሶ ዘር እየጠበቀ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ታዲያ አንድ መስኮት ነው የቀረው፣ ይሄን እንኳ አዎ ይበሉልኝ። በሞቴ።

ደገፋ፦ አየህ፣ አንተም በሞቴ አልክ።

(ወንዳፍራሽ ማውሱን ሊነጥቅ ይሮጣል። ኦቦ ደገፋ እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው አቅፈውት "አይ"ን ይነካሉ። ወንዳፍራሽ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ኦቦ ደገፋ "አትም"ን ይነካሉ፤ አፍታም ሳይቆይ ፕሪንተሩ መንጫጫት ይጀምራል።)

ወንዳፍራሽ፦ ምንድነው የሚታተመው?

ደገፋ፦ ዝርዝሩ ነዋ። ሦስት መቶ አርባ፣ አንድም አልጎደለ።

ወንዳፍራሽ፦ አይሆንም። ሦስቴ አይ ብለዋል።

ደገፋ፦ አንዱን መስኮት መልሼ ከፍቼ ልዝጋው። አንተ ፈጣን ነህ፣ አንብብልኝ።

ወንዳፍራሽ፦ (ጎንበስ ብሎ) "የተጻፈውን ስም ሁሉ ልሰርዘው?"

ደገፋ፦ ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የጻፈ?

ወንዳፍራሽ፦ (በቀጭን ድምፅ) እኔ። ስሞክረው የውሸት ስም እሞላ ነበር። ስዘጋው እንዲያጠፋልኝ ብዬ... ሁልጊዜ አዎ እለው ነበር። ማንሣቱን ረሳሁት። ምነው ቢነግሩኝ?

ደገፋ፦ አፌን ስከፍት አቋረጥከኛ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ግን እጨርሳለሁ። በኛ አገር ሳያነብ አዎ ያለ ገበሬ ዛሬ ለዘር አይሰለፍም፤ የሚዘራበት መሬት የለውም።

(ፕሪንተሩ ሲያበቃ ሹፌሩ የርክክብ ወረቀት ይዞ ይገባል።)

ደገፋ፦ በል፣ የተማርክ ነህ፤ ምስክር ሆነህ ፈርምልን።

ወንዳፍራሽ፦ (እስክሪብቶ መዝዞ) እሺ። የት ጋ ነው?

(ኦቦ ደገፋ እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ከእጁ ይቀበሉታል።)