ሲስተር ፈህሚያ ማስተርስ ያስጀመረችን ሰዎች

ብቻውን ማስተርስ የተማረ ሰው በዚህ አገር ተፈልጎ አይገኝም። አንድ ሰው ተመዘገበ ማለት ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሁሉ ተመዘገበ ማለት ነው። ልዩነቱ ዲግሪውን የሚወስደው እሱ ብቻ መሆኑ ነው። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ "አንድ ጥያቄ ብቻ" ብለው ስድስት ገጽ መጠይቅ የሚያስሞሉ፣ ሠርግ ላይ ሙሽራ አጅበው ስለ አሳይመንት የሚያወሩ ናቸው።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ ክብርት ሲስተር ፈህሚያ ዐብዱልከሪም ናት። ያገኘኋት በ2009 ዓ.ም. ነው፤ አባቴ ስኳሩ ከፍ ብሎበት ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር አምጥቼ ባስተኛሁበት የሆስፒታል ክፍል። አባቷ እዚያው ጎንደር አራዳ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ በነርስነት ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ትምህርቱ ግማሹ በኢንተርኔት ነው፤ ግማሹ ደግሞ እኛ ባለንበት ክፍል የሚሠራ የተግባር ልምምድ። ስለዚህ ክብርቷ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ትገኛለች። በእጇ የደም ግፊት ትለካለች፣ በጋውኗ ኪስ ያለው ስልክ ስለ ደም ግፊት ሌክቸር ይሰጣል። ሰዓቷን ቶሎ ቶሎ የምታየው የበሽተኛ ትንፋሽ ለመቁጠር ይሁን ፈተና እንዳያልፋት እስካሁን አላወቅሁም።

እኛ አስታማሚዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪዎች ሆንን። በኢንተርኔቱ ላይ በየሳምንቱ "ውይይት" የሚባል ነገር አለ፤ ተማሪው ሁሉ ሐሳቡን ይጽፋል። ሲስተር ሐሳብ ሲያጥራት ወደ እኛ ትመጣለች። እህቷን ልታስታምም ከዛሪማ የመጣች እንኳየሁ የምትባል ሴት፣ "ምነው ነርሶቻችሁ ሲገቡ እንደምን አደራችሁ አይሉም? መርፌ ብቻ ይዘው ይመጣሉ" ብትላት በዚያው ቀን ጻፈችው። መምህሩ በማግስቱ "እጅግ ጥሩ ምልከታ" ብሎ መለሰ። እንኳየሁ ከዚያ በኋላ ኮሪደሩን ቀና ብላ ነበር የምትሄደው። እኔ የሰጠሁትን ሐሳብ ግን ማንም አላደነቀም።

ትልቁ ጣጣዋ "ገባኝ" የሚለውን ቃል አለመቀበሏ ነው። የእኛ አገር ሰው ላስተማረው ሰው "አልገባኝም" አይልም፤ ነውር ነው፣ አስተማሪውን እንደ መስደብ ይቆጠራል። አባቴ አያ ዳኛው ደግሞ በይሉኝታ የሚስተካከለው የለም። ስለ ኢንሱሊን አስረድታው ስትጨርስ፣ "ሸጋ ነው ልጀ፣ ገብቶኛል" ይላል። እሷ ወዲያው፣ "ገባኝ አይባልም! አሁን እርስዎ ያስተምሩኝ" ትላለች። ሰባ ዓመት የሞላው ሰውዬ ሆዱን ቆንጥጦ ይዞ መርፌ አወጋግ ያስተምራታል። ለእኔ አንድም ቀን እንዲህ ታዝዞኝ አያውቅም።

ነገሩ የከረረው አንድ አርብ ዕለት ነው። በሽተኛ ስታስተምር የቀረጸችውን ቪዲዮ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ካልላከች ኮርሱን ትወድቃለች። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ ምረቃዋም በዓመት ይገፋል። ቪዲዮው ሐሙስ ዕለት ተቀርጾ አልቋል። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ አንድም ሳይሳሳት ተወጥቶታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልትልክ ስትል፣ እንዲያው ልማድ ሆኖባት፣ "አያ ዳኛው፣ ቤትዎ ሲገቡ የሚያደርጉትን እስቲ ቀን በቀን ይንገሩኝ" አለችው።

"ሰኞ እወጋለሁ። ማክሰኞ እወጋለሁ። ሮብማ..." ፈገግ አለ። "ሮብማ ጾም አይደል?"

"ከትናንት ወዲያ ረቡዕ እዚህ ተወግተው የለ እንዴ?"

"እዚህማ እንግዳ ነኝ ልጀ፤ በሰው ቤት የሰጡኝን ነው። በቤቴ ግን ሮብና አርብ እንዴት ጾም እገድፋለሁ?"

ሲስተር ፈህሚያ ስልኳን አስቀመጠች።

"ግድ የለሽም፣ መጀመሪያ ቪዲዮውን ላኪው፤ አባቴን ከምሳ በኋላ እንመክረዋለን" አልኳት። ክፋት አልነበረኝም፤ አዝኜላት ነው።

"ያልገባውን ሰው ገብቶታል ብዬ ልላክ?" አለችኝ። "እኔም ረመዳን እጾማለሁ። ለሚጾም ሰው የነርስ ቃል ብቻ አይበቃውም። የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው?"

አባ ወልደኢየሱስን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ስልካቸው አይነሣም፤ ሲነሣ ፍታት ላይ ናቸው ይባላል፤ ከፍታት ሲመለሱ መስመሩ ይቋረጣል። እሷ በመሃል የሁለት በሽተኛ ቁስል ጠርጋ፣ መድኃኒት አዳርሳ፣ እንደገና ትደውላለች። በመጨረሻ ድምፃቸው በስልኩ ስፒከር ክፍሉን ሞላው።

"ዳኛው፣ አንተ ሕሙም ነህ፤ ሕሙም በጾም አይገደድም። መድኃኒቱንም ውሰድ፣ ምግብህንም በሰዓቱ ቅመስ። እግዚአብሔር ይፍታህ።"

አባቴ ከአልጋው ወርዶ ስልኩን እንደ መስቀል ተሳለመው።

ቪዲዮው እንደገና ተቀረጸ፤ ሰባቱም ቀን በየቦታው ገባ። መላክ ስትጀምር ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ኔትወርኩ ደግሞ የዚያን ቀን እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው። ሰማንያ በመቶ ላይ ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሞላ፤ ገጹ ተዘጋ። መምህሩ በኋላ የጻፈላት አጭር ነበር፦ ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ደንቡ ግን አይፈቅድም።

ታለቅሳለች ብዬ መሀረብ ፈለግሁ። እሷ ግን "እደግመዋለኋ፤ አንድ ዓመት ነው" አለችና የአባቴን ስኳር ልትለካ ሄደች። ኮሪደር ላይ ቆሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ስንት ቀን ያማኋት ልጅ ናት። ወደድኳት፤ አፈርኩም።

በዓመቱ ኮርሱ ተመልሶ መጣ። ኋላ ማለፏንም መመረቋንም ከወዲሁ ልንገራችሁ። አባቴ መድገሟን ሲሰማ፣ "ማኪና ፈልግልኝ፤ እኔው እቀረጽላታለሁ" አለ። ደንቡ አዲስ በሽተኛ ነው የሚለው ብዬ ስነግረው ጎረቤታችንን አያ አላምረውን ይዞ ጎንደር ወረደ። አያ አላምረው ኢንሱሊን የጀመረው በዚያው ወር ነው። ሲስተር ፈህሚያ ካሜራዋን አስተካክላ ልታስረዳው አፏን ስትከፍት፣ ሰውየው ሆዱን ቆንጥጦ ቀደማት። የመርፌውን ቦታ መለዋወጡን፣ ስኳር ድንገት ሲወርድ የሚቀመሰውን ከረሜላ ከኪስ አለመለየቱን፣ የሮብና የአርቡን ሳይቀር ዘረዘረው።

"ማን አስተማረዎት?" አለችው።

አያ አላምረው በአገጩ ወደ አባቴ ጠቆመ። አባቴ አቀርቅሮ የጋቢውን ጥለት ይነካካል።

ሲስተር ፈህሚያ ካሜራውን ዘጋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "እኚህማ ተምረው ጨርሰዋል፤ ለኮርሱ አይሆኑኝም" አለች። "ገና ሦስት ቀን አለኝ። እባካችሁ ያልተማረ በሽተኛ ፈልጉልኝ።"

አባቴ ከጋቢው ጥለት ቀና አለ።

"የአምባ ጊዮርጊሱን ጨርሻለሁ ልጀ" አላት። "ምናልባት ዳባት ይገኝ እንደሆን።"