ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ

ሥልጣን ይዞ የማያውቅ ሰው ሹመት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ያልማል። እኔም ፍርድ ቤት የሟቹ አጎቴ ውርስ አጣሪ ያደረገኝ ዕለት ማኅተም ያረፈባትን ወረቀት ደረት ኪሴ ከትቼ ከጭላሎ ተራራ በወረደው ጉም ውስጥ እያለምኩ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት የአሰላ ግማሹ አይታይም፤ የማይታየውን እንደፈለጋችሁ መሙላት ትችላላችሁ። እኔ በራሴ ሞላሁት።

ሹመቴ ግን የሚያስተኛ አልነበረም። የአጎቴ ሁለት ልጆች ቤቱ ተሽጦ እንዲካፈሉ ፈልገዋል። አክስቴ እትዬ ዘነበች ደግሞ በወንድማቸው ጓሮ፣ በአንዲት ክፍል ነው ያረጁት። ኑዛዜ ስለሌለ የሚደርሳቸው ነገር የለም፤ ቤቱ ከተሸጠ መውደቂያ የላቸውም። አንጀቴን በላኝ፤ ግን አንጀቴን ማን ሾመው?

ገዢም ተገኘ፣ የበቆጂ ገብስ ነጋዴ። አጎቴ የቤቱን ካርታ እንደ ሠርግ ፎቶ በፍሬም አስገብቶ ሳሎን የሰቀለ ሰው ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ከሻይ በፊት ካርታው ይታያል። ከነፍሬሙ አወረድኩት። አክስቴ መስታወቱ እንዳይሰበር ብለው በገዛ ነጠላቸው ጠቀለሉልኝ። አፈርኩ።

ማዘጋጃ ቤት ያለችው ልጅ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ሳቋን ዋጠች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮፒ ነው። ዋናው ባንክ ነው ያለው፤ ቤቱ በመያዣ ታግዷል።»

ለካ አጎቴ በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ሱቆች የሠራው ተበድሮ ነው። ባንኩ ዕዳው ካላለቀ እግዱን አላነሳም፣ ወር በወር ከተከፈለኝ ግን ቤቱን አልነካም አለ። ነጋዴው «ዕዳ ያለበት ቤትማ ይቅርብኝ» ብሎ ወደ በቆጂው ተመለሰ። ልጆቹን ዕዳውን ከኪሳችሁ ክፈሉ ስላቸው ስልካቸው ይቆራረጥ ጀመር። እኔ ባለማኅተሙ ልጠብቃቸው ያልቻልኩትን አክስቴን ዕዳ ጠበቃቸው።

አሁን የሱቆቹን ኪራይ በየወሩ ባንክ የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው። ባለፈው ደስ ይላቸው መስሎኝ፣

«አክስቴ፣ ዕዳው እኮ ሊያልቅ ነው!» አልኳቸው።

ክንዴን ያዝ አደረጉና፣

«ሱታ በል ልጄ፣ ቀስ በል። ምን ያጣድፍሃል?» አሉኝ።

ካርታውን ቦታው መለስነው። ፍርድ ቤቱ ቶሎ አጣራ ይለኛል፤ አክስቴ ሱታ ይሉኛል። እኔ ጉሙ እስኪገለጥ እየጠበቅኩ ነው።