የታካሚው ድርሻ

ሎሬታ ማሰሪያውን ልብ ያለችው ልጇ ዌንደል የአዳራሹን ደፍ ከተሻገረ በኋላ ነው። ከመጠጥ እንዲያላቅቀው የታዘዘለት የነርቭ ማነቃቂያ ጆሮ ላይ ብቻ የሚሰካ መስሏት ነበር፤ ለካ እንዳይወድቅ አናት ላይ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅ አለው። ወዲያው የባንኮኒው ደወል ተደወለ።

በኦሃዮዋ ከተማችን፣ መጠጥ በሚሸጥበት የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ፣ አንድ የከበረ ሕግ አለ። ራሱን ሸፍኖ የገባ ሰው ለቤቱ ሁሉ ይጋብዛል፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆም ራሱ ይጨልጣል። ሕጉ የወጣው የሞቱትን ለማክበር ነው። ሙታኑም እስከ ዛሬ ቅሬታ አላቀረቡም።

ሕክምናው ለምን መጠጥ ቤት ውስጥ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አላዋቂ አይጠፋም። ሐኪም ቤቱ መጠጥ ያሸነፋቸውን ወታደሮች ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጡለትም። ስለዚህ «አገልግሎትን ወደ ተጠቃሚው ማቅረብ» በሚለው መርሕ መሠረት የማነቃቂያውን ማሽን ባንኮኒው ላይ፣ በውስኪውና በጂኑ መካከል አስቀመጠው። ቢላ የለ፣ መርፌ የለ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ በጆሮ ቆዳ በኩል ነርቩን እየነካካ አምሮቱን ያበርዳል የሚል ተስፋ ነበር። የሐኪም ቤቱ ደንብ ግን መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ታካሚን ለሕክምና ማዘጋጀትን በጥብቅ ይከለክላል። ስለዚህ ነርሷ ማሰሪያውን የምታስረው ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር።

«በል ጨልጥ!» አለ የአዳራሹ ሊቀመንበር ሻምበል ሃስኬል።

«ኧረ ሻምበል፣ ይኼ ባርኔጣ አይደለም! መድኃኒት ነው!» አለች ሎሬታ። ልጇ ከኢራቅ ከተመለሰ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሬሳ ልታነሳ የምትዘጋጅ ሴት ናት።

«አናቱ ላይ ነው ያለው?»

«አዎ፣ ግን...»

«እንግዲያው ባርኔጣ ነው። ዛሬ ይኼን ብንፈቅድ፣ ነገ አንዱ ድስት ደፍቶ ይመጣና ሾርባ ነው ይለናል።»

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ከጥልቅ ውይይት በኋላ ሁሉን የሚያስማማ ውሳኔ አሳለፈ፤ ታካሚ አይጠጣም፤ ድርሻውን ግን ሕክምና ላይ ያልሆነ አባል ይጠጣለታል። ሻምበል ደረቱን ነፋ። «ወታደር ጓዱን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም!» አለና የዌንደልን ብርጭቆ ገለበጠው።

ሕክምናው ሠመረ። ዌንደል እጁ መንቀጥቀጡን ተወ፤ ቁርስ መብላት ጀመረ። ሎሬታ ይኼም የሌላ በሽታ ምልክት እንዳይሆን ሰግታ ሌሊት ትንፋሹን ታሸት ነበር። ለጓዶቻቸው ሲጠጡ የከረሙት ግን አንድ በአንድ ከማሽኑ ወረፋ ገቡ። ሐኪም ቤቱ የታካሚዎቹ ቁጥር ማደጉን በታላቅ ደስታ አበሰረ።

በመጨረሻ ሻምበል ራሱ ማሰሪያውን አስሮ እየተንገዳገደ ገባ። ደወሉ ተደወለ። የሱን ድርሻ የሚጠጣ ሰው ቢፈለግ፣ ቤቱ ሙሉ በጥቁር ጨርቅ ታስሯል። ሁሉም ዞሮ ሕክምናውን ጨርሶ ከእናቱ ጋር የተቀመጠውን ዌንደልን አየ።

«አንተ ልጅ፣ ከመሀላችን ጤነኛ አንተ ብቻ ነህ» አለ ሻምበል ብርጭቆውን እየገፋለት።

«ጌታዬ፣ ጤነኛ የሆንኩት እኮ ስላልጠጣሁ ነው።»

«ለዚህ አይደል የመረጥንህ? በሽተኛ እንድናጠጣ ትፈልጋለህ?»

የዌንደል ጣቶች ብርጭቆውን ነኩት። ሎሬታ ክንዱን ጨብጣ፣ «ልጄ...» አለች።

«ቆይ እማ» አለና ከኪሱ የአባልነት መታወቂያውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሁም።»

ተያይዘው ወጡ። ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ ተንኳኳ። ሎሬታ ገርበብ አድርጋ ብትከፍት ኮሚቴው በሙሉ ደጃፏ ተሰልፏል። ከፊት ሻምበል፣ በሁለት እጁ ብርጭቆውን ይዞ።

«ወይዘሮ ሎሬታ፣ መልቀቂያው በድምፅ እስኪጸድቅ ልጁ አባላችን ነው። ይኸው ድርሻውን፣ አንድ ጠብታ ሳናፈስ!»

«ሻምበል፣ በፈጠረዎት ልጄን ተዉልኝ።»

«እንዴት እንተወዋለን? ጓዳችን እኮ ነው!»

ሎሬታ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን በር ስትቆልፍ የኖረችው ልጇ ወደ መጠጡ እንዳይወጣ ነበር። ዛሬ መጠጡ ወደ ልጇ እንዳይገባ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው።