ስድስተኛው አባቴ ዶን ዱዋርቴ

ድሃ አጎት ያለው ሰው ሞልቷል፤ "ድሃ አጎት አለኝ" የሚል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እናንተንም አላጋጠማችሁም። ሰው ዘሩን ሲቆጥር እህል እንደሚለቅም ነው፤ ደጃዝማቹን ከላይ ያስቀምጣል፣ ሸማኔውን ከሥር ይሸሽጋል፣ ስሙ የጠፋበትን አራሽ ጭራሹን ይዘለዋል። በዚህ በኩል እኔን የሚያህል አልነበረም። ደጃዝማች ምን ያደርግልኛል? የእኔ አባት ፈረንጅ ነበር።

አትሳቁ። ንፋስ መውጫ ላይ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የዶን ዱዋርቴን ነገር ከእኔ አፍ ያልሰማ ተማሪ ካለ፣ ያን ቀን ከትምህርት ቤት የቀረ ብቻ ነው። ዶን ዱዋርቴ የፖርቱጋል መኳንንት ልጅ ነበር። በልጅነቱ ፈረስና ሰይፍ ተማረ፣ ጎልምሶ የጦር መኮንን ሆነ፣ በመርከብ ህንድ ወረደ፤ እዚያም ንጉሡ በባሕሩ ጠረፍ የአንድ ግዛት አገረ ገዥ አድርጎ ሾመው። ምቀኛ አልተኛለትምና ከሹመቱ ተነሣ። ከዚያ ወደ እኛ አገር ከሚዘምቱት ባለ ጠመንጃዎች ጋር መጣ፣ እግሩን ቆሰለ፣ እስቴ ላይ አገገመ፣ የአገሬውን ልጅ አግብቶ ቀረ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አያቴ የነገሩኝ "አንድ ፈረንጅ ነበረ አሉ" የምትለዋን ብቻ ነው። ሌላውን፣ ስሙንም ጭምር፣ እኔ አሟላሁት።

የገዛው የማንን አገር እንደነበር፣ እነዚያስ ሰዎች "ና ግዛን" ብለውት እንደሆነ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። የእኛን አገር ሊገዛ ቢመጣ በድንጋይ እንቀበለው ነበር፤ የሌላውን የገዛውን ግን አባቴ ስል ደረቴ ይነፋ ነበር።

እንዲህ እንዳለሁ ልጄ ዳዊት ሰናይት የምትባል የእስቴ ልጅ ወደደ። ነርስ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ለልጄ የምትበዛበት። ሽማግሌ ላክሁ፣ እሺ ተባለ፣ ዘር የሚቆጠርበት ቀን ተቀጠረ። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡምና ሁለታችንም ወገን ተቀምጠን አባት ከአባት እየጠራን መቁጠር አለብን። ሰሚያችን መምሬ ጥበቡ ናቸው፤ በጋይንቱ የቤተ ልሔም ገዳም የተማሩ፣ ጣታቸውን እያጠፉ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጡ ቄስ።

የልጅቱ አባት አቶ አላምረው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝግ አሉና፣ "ይኸኛው እንግዲህ ፈረንጅ ነው። ዶን ዱዋርቴ የሚባል ጌታ" አሉ።

እኔ ባወጣሁለት ስም! ታሪኩ እንዴት እስቴ እንደገባ ወዲያው ገባኝ፤ ሰናይት ንፋስ መውጫ ስትማር የእኔ ተማሪ ነበረች። ልባም ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን አባቴን በአደባባይ ሲወስዱብኝ ዝም ልል?

"ዘር ከልጓም ይስባል አቶ አላምረው፤ የእኔም ስድስተኛ አባት እሱው ነው" አልኩ።

መምሬ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። "ለእናንተ ስድስተኛ ከሆነ ለልጆቹ ሰባተኛ ነው። ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም።"

ጓዳ ያሉት ሴቶች ለመስማት ወደ በሩ ተጠጉ። መምሬም ቀጥለው፣ "ዘር የሚታወቀው በባለቤቱ አፍ ነው። ከሁለታችሁ አንዱ 'ፈረንጁ አባቴ አይደለም' ብሎ መስቀል ከተሳለመ ይፈቀዳል። አለዚያ ነገሩ እዚህ ያበቃል" አሉ። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡን።

በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን ልጄ ምሳ ላይ ቀና ብሎ አየኝና፣ "አባባ፣ ለመሆኑ ያ ሰውዬ ምን አድርጎልህ ያውቃል?" አለኝ። በልጄ ፊት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በቀጠሮው ቀን ገና ከመቀመጤ ተነሣሁ። "ዶን ዱዋርቴ አባቴ አይደለም። ስድስተኛው አባቴ የላይ ጋይንት ገብስ አራሽ ነበር፤ ስሙንም አላውቀውም" ብዬ መስቀሉን ተሳለምኩ። አቶ አላምረውም ብድግ አሉ። "ቀደሙኝ መምህር። እኔም ይህንኑ ልናገር ነበር የመጣሁት" አሉና እሳቸውም ተሳለሙ። ምስኪን ፈረንጅ፣ በአንድ ጠዋት ሁለት ቤት ልጆቹን አጥቶ መካን ሆነ።

ልጆቹ ጥር ላይ ተጋቡ። በመልሱ ቀን ከመምሬ ጥበቡ ጎን ተቀምጬ እየበላሁ ሳለ ጠጋ አሉኝ።

"ለመሆኑ መምህር፣ እነዚያ ባለ ጠመንጃዎች አገራችን ከገቡ ስንት ዘመን ይሆናቸዋል?"

"አምስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው" አልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ለስድስት አባት ሲካፈል?"

ጣቴን እያጠፍኩ መቁጠር ጀመርኩ።

"አባቶችዎ ሁሉ የወለዱት በሰማንያ ዓመታቸው ነው ማለት ነው" አሉ። "ብርቱ ዘር ነው።"

ፈረንጁ እውነት እንኳ ቢሆን ከአሥራ አምስት ቤት ወዲያ ነበር። ማንንም ከመጋባት አይከለክልም። ለጉራ እንዲመቸኝ መካከል ያሉትን አራሾች እየዘለልኩ ወደ ደጃፌ ያስጠጋሁት እኔው ነኝ።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩንም መምሬ?"

"ታሪክ አስተማሪው እርስዎ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?" አሉና ጠላቸውን ጎንጨት አደረጉ። "ደግሞ ልጅቱ የንስሐ ልጄ ናት። ምን ዓይነት አማት ቤት እንደምትገባ ማየት ነበረብኝ።"

በመስቀል የካዱትን አባት መልሶ መውሰድ የለም። አሁን አርብ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሽማግሌዎችን እያስቆምኩ የዘለልኳቸውን አራሾች ስም እጠይቃለሁ፤ ሁለቱን አግኝቻለሁ። ንፋስ መውጫ ግን የድሮ ተማሪዎቼ ባጃጃቸውን አቁመው፣ "መምህር፣ ዶን ዱዋርቴ እንዴት ነው?" ይሉኛል።

"የለም" እላቸዋለሁ። "ልጄን ዳርኩበት።"