የወጥ ቅርጸቱ ገድልና የእልፍነሽ መልቀቂያ

ታላቅ ሥራ ታላቅ ሰው ይፈልጋል ይባላል። የእኛ ጽሕፈት ቤት ታላቅ ሰው አላጣም፤ የጎደለው ሥራው ብቻ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ የሚገኘው፣ ስሙን እንዳልጠራ ትሕትና የሚከለክለኝ ይህ መሥሪያ ቤት መምህራንን ይመድባል፣ ያዛውራል፣ ይለቃል። እኔ ተረፈ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ቃሌን እንደ ምስክር ቃል ተቀበሉኝ። የማወራው ያየሁትን ነው፣ የማደንቀውም ከልቤ ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ከበላይ አካል በፍላሽ አንድ ነገር መጣልን። ስሙ ወጥ ቅርጸት ነው፤ ጸሐፊያችን ርብቃ ቴምፕሌት ትለዋለች። ከእንግዲህ በዚህ ቅርጸት ያልተጻፈ ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም ተባለ። ሲያዩት ያምራል! ከላይ ዓርማ፣ ከዓርማው ሥር ራእይ፣ ከራእዩ ሥር ተልእኮ፣ ከተልእኮው ሥር ዘጠኝ እሴቶች አሉ፤ ግርጌው ላይ ደግሞ «ተገልጋይ ንጉሥ ነው» የሚል መፈክር በቀይ ተጽፏል። መሐል ላይ ለጉዳዩ የሚሆን አራት መስመር ያህል ቦታ ተርፏል። ከሁሉ የሚደንቀው ቀኑ ነው። ሰው ቀን እንዳያዛባ ተብሎ፣ ሰነዱ በተከፈተ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ የዕለቱን ቀን ይጽፍበታል።

ኃላፊያችን አቶ ታዴዎስ ሁላችንንም በአዳራሽ ሰበሰቡ።

«ባልደረቦቼ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አሮጌ ቅርጸት አይታይም! ኮምፒውተር ከገባበት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሁሉ ወደ አዲሱ ይዛወራል! አንድም ሰነድ ወደኋላ አይቀርም!»

ርብቃ እጇን አወጣች። «አቶ ታዴዎስ፣ ያለው ደብዳቤ አራት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነው።»

«እና?»

«እና እኔ አንድ ነኝ።»

«አይዞሽ፣ ቁጥር አያስፈራሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አጨበጨብን። ርብቃ ግን አላጨበጨበችም፤ ጣቶቿን ለሥራው እየቆጠበች ይሆናል።

እንግዲህ በዚያው ዕለት በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ብቻ የቀራት አንዲት ደብዳቤ ነበረች። የመምህርት እልፍነሽ መልቀቂያ ናት። እልፍነሽ ቦኖሻ ላይ ስድስት ዓመት አስተምራለች። ባሏ አክሊሉ ሺንሺቾ ነርስ ነው፤ የአራት ዓመት ልጃቸው ማህሌትም እዚያው እሱ ጋ ናት። የሺንሺቾ ሰዎች «እንቀበላታለን» ብለው ጽፈዋል፣ የእኛም የዝውውር ኮሚቴ አጽድቆላታል። ዞኑ ሌላ ስለሆነ ግን «ለቀናታል» የሚል ከእኛ የወጣ ወረቀት ያስፈልጋታል። ይህን ወረቀት ይዛ እስከ ጥቅምት ሠላሳ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ መምህር ይሰጣል። መልቀቂያዋ በጠቅላላው ሦስት መስመር ነው።

አቶ ታዴዎስ ወረቀቷን በሁለት ጣት አንስተው አዩዋት። «እህቴ፣ ይሄ እኮ በአሮጌው ቅርጸት ነው።»

«ታዲያ በአዲሱ ይጻፍልኛ፣ ጌታዬ።»

«ለአንድ ጉዳይ ሁለት ሰነድ? ኧረ ተይ! ይሄ እኮ ብልሹ አሠራር ነው። ያለው ይዛወራል እንጂ አዲስ አይጻፍም።»

«እሺ፣ ያለው ይዛወርልኝ።»

«በተራው ነዋ። ከ1994 ጀምረናል። ያንቺ የዘንድሮ ነው። ወረፋ ማዘለል ደግሞ አድልዎ ነው፤ እኔ አድልዎ አልወድም።»

«ተራዬ መቼ ይደርሳል?»

ርብቃ አንገቷን ደፍታ አሰላች። «በቀን አርባ ከሠራሁ... የካቲት።»

«የእኔ ቀን ጥቅምት ሠላሳ ነው እኮ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አሉ አቶ ታዴዎስ፣ በአባትነት። ኃላፊያችን ምሳሌያዊ አነጋገር ለባለጉዳይ አይነፍጉም። ፊርማ አያስፈልገውማ።

ከዚያ በኋላ እልፍነሽ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ ከቦኖሻ ትመጣለች። ከመናኸሪያ በእግሯ ትወጣና ከመዝገብ ቤቱ በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ዓርብ ሻይ አስመጣሁላት።

«ጋሽ ተረፈ፣ ትናንት ቤት ደውዬ ማህሌት አነሳችው» አለችኝ። «‹አባባ፣ ያቺ ሴትዮ ደወለች› ብላ ለአባቷ ሰጠችው።»

ምን ይባላል? አይዞሽ አልኳት፤ እሷም እሺ አለችኝ። ሻይዋን ሳትጠጣው ተነስታ ሄደች።

የለውጡ ሥራ ግን ገሠገሠ። ርብቃ ዓይኗ እስኪቀላ ትሠራለች፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በጥቅምት መጀመሪያ የሪፖርት ቅጽ መጣ። ቅጹ «ስንት ሰነድ ተዛወረ» ብቻ አይልም፤ «ስንቱ ተጠናቀቀ» ብሎም ይጠይቃል።

አቶ ታዴዎስ ጠሩኝ። «ተረፈ፣ በአሠራራችን ደብዳቤ ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ ነው?»

«ሲፈረምበት፣ ማህተም ሲያርፍበትና ወጪ ሲሆን ነው» አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ! ያኔ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

«እንግዲያው ይታተም፣ ይፈረም፣ ወጪ ይሁን!»

ርብቃ ደነገጠች። «አቶ ታዴዎስ፣ እነዚህ እኮ ድሮ የወጡ ደብዳቤዎች ናቸው።»

«የወጡት በአሮጌው ቅርጸት ነው። እሱ አይቆጠርም።»

«ቀናቸውስ? ቴምፕሌቱ ሁሉንም የዛሬ አድርጓቸዋል። የፈራሚውም ስም በሁሉም ላይ የእርስዎ ሆኗል።»

«ግሩም! ወቅታዊ ሆኑ ማለት ነዋ!»

ፈረሙ። በደቂቃ አሥራ ሁለት ሲፈርሙ በሰዓቴ ይዣለሁ። ቢያነቡ ኖሮ በደቂቃ ሁለትም አይሞላላቸውም ነበር። እኔ ማህተም አሳርፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ ወደየአድራሻው ላክሁ።

በሳምንቱ ወይዘሮ አበራሽ የሚባሉ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ባላቸው መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

«ልጆቼ፣ ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ ወረቀቱን እየዘረጉልን። «‹በባለቤትዎ ድንገተኛ ሞት ከልብ አዝነናል› ይላል። ቀኑን ልጄ ሲያነብልኝ የዛሬ ሳምንት ነው። ጎረቤት ሰምቶ ድንኳን ሊጥል ነው።»

አቶ ታዴዎስ ወጥተው እጃቸውን ጨበጡ። «እናቴ፣ ጽሕፈት ቤታችን ሠራተኛውን እንደማይረሳ ይወቁልን» አሏቸው። እናቲቱ መርቀው ሄዱ።

በዚያው ሰሞን አሥራ ሰባት ሰዎች «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል» የሚል የስብሰባ ጥሪ ይዘው አዳራሹ ደጅ ተሰለፉ። ጥሪው የ1996 ነው። ግማሾቹ ጡረተኞች ናቸው፤ አንዱ በከዘራ ነው የመጡት። አቶ ታዴዎስ የመጣ ሰው አይመለስም ብለው ሰበሰቧቸው፤ አጀንዳው ስለ ወጥ ቅርጸቱ ገለጻ ሆነ። ቃለ ጉባኤም ተያዘ።

እንዲህ ያለ ሥራ ስሙ አይደበቅምና ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን አቶ ታዴዎስ ተሞክሮ እንዲያካፍሉ ለአንድ ሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ተጠሩ። ወኪል አልተዉም፤ ወንበራቸውን ለሰው አምኖ መስጠት አይሆንላቸውም። በማግስቱ እልፍነሽ ዓርብን ሳትጠብቅ መጣች።

«ሦስት ቀን ቀረኝ፣ ጋሽ ተረፈ። ማን ይፈርምልኛል?»

«ማንም የለም፣ እልፌ።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ርብቃም ከጎኗ ተቀመጠች። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ኮት የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ አንድ አዛውንት ገቡ። አቶ አጵሎስ! የጽሕፈት ቤቱ ምክትል ኃላፊ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። በእጃቸው ደብዳቤ ይዘዋል።

ተቀብዬ አነበብኩት። «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለሥራ ከከተማ ውጭ ስለሚሆኑ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ እስኪመለሱ ድረስ እሳቸውን ወክለው እንዲሠሩና እንዲፈርሙ» ይላል። ጥንት በ1997፣ የያኔው ኃላፊ አዲስ አበባ ሲሄዱ ያጻፉት ውክልና ነው። አሁን ግን ቀኑ የዚህ ሳምንት ነው። ፊርማው የአቶ ታዴዎስ ነው። ማህተሙና ቁጥሩ በገዛ እጄ ያሳረፍኳቸው ናቸው። አቶ ታዴዎስም እውነትም ከከተማ ውጭ ናቸው። ሦስት ጊዜ አገላብጬ እንከን ፈለግሁበት፤ አጣሁ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም!

«ልጅ ተረፈ» አሉኝ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ማንም አላስታወሰኝም። ድንቼን እየኮተኮትኩ ሳለሁ ነው የደረሰኝ። ‹አሁንም እንፈልግዎታለን› ማለታቸው ነው አይደል?»

ርብቃን አየኋት፣ አየችኝ። ይህን ሰው ስሕተት ነው፣ ይመለሱ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል?

«ይግቡ፣ ጋሽ አጵሎስ። ወንበሩ ባዶ ነው» አልኳቸው።

ሊያልፉ ሲሉ እልፍነሽን አዩዋት። «ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?»

«መልቀቂያ ፈልጋ ነው።»

«አልጸደቀላትም?»

«ጸድቆላታል። ከመስከረም ጀምሮ።»

«ታዲያ ምን ይጠበቃል?»

«ተራ» አለች ርብቃ።

«የምን ተራ?»

ልናስረዳቸው ሞከርን። ስለ ዓርማው፣ ስለ ዘጠኙ እሴቶች፣ ስለ ወረፋው ነገርናቸው። ጉድ ነው፤ ስናወራው ለእኛም ጆሮ ከበደን። አቶ አጵሎስ እስክንጨርስ ታግሠው ሰሙን።

«እስክሪብቶ አለ?» አሉ።

ነጭ ወረቀት ሰጠኋቸው። ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ በዚያ በድሮ መምህር የእጅ ጽሑፍ ሦስት መስመር ጻፉና «በውክልና» ብለው ፈረሙ። ማህተም አሳረፍኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። እልፍነሽ የአዛውንቱን እጅ ስማ፣ ወረቀቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወደ መናኸሪያ ሮጠች። በማግስቱ ከሺንሺቾ ደወለችልን። እዚያ ያለው ኃላፊ «ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፤ ሌላ ምን ልፈልግ?» ብሎ ተቀብሏታል። አቶ አጵሎስም ሳምንቱን ሙሉ ሌላውን ባለጉዳይ ሲያስተናግዱ ሰንብተው፣ ጠረጴዛውን ወልውለው ወደ ድንቻቸው ተመለሱ።

አቶ ታዴዎስ ኅዳር ሦስት ቀን «በሰነድ ማዛወር ግንባር ቀደም» የሚል ሰርተፍኬት በመስታወት አስገብተው መጡ። ግድግዳው ላይ ከሰቀልንላቸው በኋላ ስለ እልፍነሽ ነገርኳቸው።

«በእጅ ተጽፎ?» አሉ።

«በእጅ።»

«ራእይ የለውም?»

«የለውም።»

«እሴቶቹስ?»

«አንዱም የለም።»

«አጵሎስን ማን ወከለው?»

«እርስዎ» አልኩና ውክልናውን ዘረጋሁላቸው። የገዛ ፊርማቸውን ብዙ ቆይተው አዩት፤ ከላይ ዓርማውን፣ ከታች መፈክሩን መረመሩ።

«ይሄ ቅርጸቱ ትክክል ነው» አሉ በመጨረሻ። «የልጅቷ ግን በኮምፒውተር ውስጥ የለም፤ ስለዚህ አልተጻፈም። እልፍነሽ አልተለቀቀችም። ያለችው ቦኖሻ ነው።»

ይህ በተባለ በሳምንቱ የቦኖሻ የስም መቆጣጠሪያ መጣ። እልፍነሽ የለችም ይላል። አቶ ታዴዎስ ከሥራ ገበታዋ በመቅረቷ የመጀመሪያ ደረጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍላት አዘዙ። አዲስ ጉዳይ ስለሆነ ወረፋ አልነበረበትም፤ በወጥ ቅርጸቱ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ታትሞ በአሥራ አምስት ደቂቃ አለቀ።

ደብዳቤው እጄ ላይ ከበደኝና ደወልኩላት።

«እልፌ፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሻል።»

«በምን ምክንያት?»

«ቦኖሻ ስለሌለሽ።»

ሳቀች። ያ ሁሉ ዓርብ አንድም ቀን ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ከጎኗ ልጅ ይንጫጫል።

«ጋሽ ተረፈ፣ ኮምፒውተሩ የት ናት ነው የሚለው?»

«ቦኖሻ።»

«እንግዲያው ምን ቸገራችሁ? ቦኖሻ ላኩልኛ!»

ለአቶ ታዴዎስ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ሐሳቡ ከአሠራር አንጻር የተሟላ ነው አሉ። ቦኖሻ ላክነው። መዝገቡም ላይ «ለባለጉዳይዋ በእጅ ደርሷታል» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ጻፍኩ።